ታጣፊ፥ ተለጣጭ ወይስ ተለማጭ? በፀሐይ ጉልበት የሚበር አይሮፕላን ታሪክ ለቃል ስያሜ የሚሰጠው ትምህርት

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለአስተያየት በቀረበልን አንድ የትርጉም ረቂቅ ውስጥ «ታጣፊ ክንፍ ያለው፥ በፀሐይ የሚበር አይሮፕላን» የሚል ሐረግ አገኘን። ተርጓሚው «ፍሌክሲብል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል «ታጣፊ» ብሎ መመለሱ ነበር። ረቂቁን ካነበቡት ባልደረቦቻችን አንዱ «ይህ አይሮፕላን ሲያርፍ ክንፉ ለስንት ይታጠፋል?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ታጣፊ አልጋ፥ ታጣፊ ወንበር፥ ታጣፊ ክላሽ ሲባል ዘወትር የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ፥ ታጣፊ ክንፍ ሲባል በማጠፊያ ተከፍሎ የሚሰበሰብ ክንፍ ቢታየው ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለ ክንፍ በእውነት አለ። በመርከብ ላይ የሚያርፉ የጦር አይሮፕላኖች ቦታ እንዳያጣብቡ ክንፋቸው በማጠፊያ ይታጠፋል። ስለዚህ አንዱ የአማርኛ ቃል ፍጹም የተለያዩ ሁለት ነገሮችን ሊሸከም ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ነጥብ አንድ ነው። ይኸውም ለአንድ የቴክኒክ ነገር ስም ከመውጣቱ በፊት የነገሩ ታሪክ መጠናት እንዳለበት ነው። የክንፉን ታሪክ ያላወቀ ሰው መዝገበ ቃላት ገልጦ «ፍሌክሲብል» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት ከተደረደሩት ፍችዎች አንዱን ያነሣል። ታሪኩን ያወቀ ግን ክንፉ ለምን እንደሚለመጥና መለመጡ ምን እንዳስከተለ ስለሚረዳ ከቃላቱ መካከል የትኛው እንደሚያሳስት ይለያል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የቀላልነት ግዴታ

በፀሐይ የሚበር አይሮፕላን ታሪክ ከእጥረት ይጀምራል። ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀትር በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ጨረር 1000 ዋት ገደማ ነው። የፀሐይ ሕዋሶች ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ጥቂቱን ብቻ ነው። ነዳጅ የሚያቃጥል ሞተር ኃይል ሲያንሰው ተጨማሪ ነዳጅ ያገኛል፤ በፀሐይ የሚበረው ግን በክንፉ ስፋት ላይ ካረፈው ብርሃን በቀር የሚተማመንበት የለውም። በመሆኑም ንድፍ አውጪው የሚቀሩት መንገዶች ሦስት ናቸው፤ ክንፉን ማስፋት፥ ክብደቱን መቀነስ፥ ቀስ ብሎ መብረር።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አጠቃቀማችን አጭር ማሳሰቢያ እናስገባለን። «ኃይል» የሚለው ቃል ብዙ ሸክም አለበት፤ አየር ኃይል፥ መብራት ኃይል፥ የጦር ኃይል እንላለን። ለሞተር ደግሞ «የፈረስ ጉልበት» እንላለን እንጂ «የፈረስ ኃይል» አንልም፤ የሚለካው ግን ሞተሩ በየቅጽበቱ የሚሰጠው ነው። በዕለት ንግግር ይህ መደበላለቅ አይጎዳም። በፀሐይ ለሚበር አይሮፕላን ግን ልዩነቱ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው፤ በቀትር የሚትረፈረፈው ፍሰት ለሌሊቱ ካልተጠራቀመ ማታውን ወዳቂ ነውና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «ጉልበት» የምንለው እንደ እንስራ ውሃ ተጠራቅሞ የሚቆየውን መጠን ነው፤ «ኃይል» የምንለው ደግሞ ከእንስራው በየቅጽበቱ የሚወርደውን ልክ ነው።

የመጀመሪያው በረራ የተደረገው ሰው በሌለበት አይሮፕላን ነው። ኖቬምበር 4 ቀን 1974 በካሊፎርኒያ በረሃ፥ ሮበርት ቡሼር የነደፈው «ሳንራይዝ» የተባለ አይሮፕላን በፀሐይ ጉልበት በረረ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ያህል፥ ክብደቱ ከ12 ኪሎግራም ጥቂት የሚበልጥ ነበር። በላዩ የተደረደሩት 4096 ሕዋሶች በአንድነት የሚሰጡት ኃይል 450 ዋት ገደማ ነበር። ይህ በየቤታችን ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚፈልገው እጅግ ያነሰ ነው።

ሰውን ይዞ ለመብረር የተደረገው ጥረት ከፖል ማክሪዲ ስም ጋር የተያያዘ ነው። ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1977 «ጎሳመር ኮንዶር»ን፥ በ1979 ደግሞ የእንግሊዝንና የፈረንሳይን የባሕር ሰርጥ ያቋረጠውን «ጎሳመር አልባትሮስ»ን የሠራ ነው። ሁለቱም የሚበሩት በአብራሪው እግር ጉልበት ነበር። «ጎሳመር» በእንግሊዝኛ በነፋስ የሚንሳፈፍ ስስ የሸረሪት ድር ማለት ሲሆን፥ ስሙ ለነገሩ የተገባ ነበር። አካላቸው በቀጫጭን ቱቦዎች፥ በሽቦና ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ማክሪዲ ይህንኑ ዘዴ ወደ ፀሐይ አዞረው። ኦገስት 7 ቀን 1980 ጃኒስ ብራውን የተባለች አብራሪ «ጎሳመር ፔንግዊን»ን ይዛ በ14 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ውስጥ ከ3 ኪሎሜትር በላይ በረረች። ለበረራው እርሷ የተመረጠችው ክብደቷ አነስተኛ በመሆኑ ጭምር ነበር። በዚህ የሥራ መስክ እያንዳንዱ ኪሎግራም እንዴት ይቆጠር እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጁላይ 7 ቀን 1981 «ሶላር ቻሌንጀር» በስቲቨን ፕታሴክ አብራሪነት ከፓሪስ አጠገብ ተነሥቶ እንግሊዝ አገር ማንስተን አረፈ። የተጓዘው መንገድ 262 ኪሎሜትር፥ የፈጀው ጊዜ 5 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ነበር። በክንፉና በጅራቱ ላይ 16128 ሕዋሶች ነበሩት፤ ባትሪ ግን አልነበረውም። ፀሐይ ብትሸፈን ሞተሩም አብሮ ይደክማል ማለት ነው። («ባትሪ» የሚለው ቃል በከተማ ንግግር በእጅ የሚያዘውን መብራት፥ «የባትሪ ድንጋይ» ደግሞ በውስጡ የሚገባውን የጉልበት ምንጭ እንደሚያመለክት ተርጓሚዎች ልብ ሊሉት ይገባል።)

2. ክንፉ ብቻውን አይሮፕላን ሲሆን

ከዚህ በኋላ የተፈለገው የሚወርድ የማይመስል አይሮፕላን ነበር። ከደመና በላይ ወጥቶ፥ ቀን ጉልበት አጠራቅሞ፥ ሌሊት በዚያው እየበረረ፥ ለሳምንታት ከፍ ብሎ የሚቆይ፤ ሳተላይት የሚሠራውንም ሥራ በከፊል የሚሠራ። ማክሪዲ ያቋቋመው ኤሮቫይሮንመንት የተባለ ድርጅት ከአሜሪካ የኅዋ ድርጅት ከናሳ ጋር ሆኖ በተከታታይ የሠራቸው ሰው አልባ አይሮፕላኖች ወደዚህ ግብ ያመሩ ነበር። «ፓዝፋይንደር» የክንፉ ርዝመት 29.5 ሜትር ሲሆን፥ ጁላይ 7 ቀን 1997 ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከካዋይ ተነሥቶ 21802 ሜትር ከፍታ ደረሰ። የተሻሻለው «ፓዝፋይንደር ፕላስ» በ1998 ወደ 24445 ሜትር ወጣ። ከዚያ የ63 ሜትሩ «ሴንቱርዮን»፥ በመጨረሻም በግሪኮች የፀሐይ አምላክ ስም የተጠራው «ሂልዮስ» ተከተለ።

የሂልዮስ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 75 ሜትር ነበር። ከቦይንግ 747-400 ክንፍ በ10 ሜትር ያህል ይረዝማል። ወርዱ ግን 2.4 ሜትር ብቻ በመሆኑ የርዝመቱና የወርዱ ምጣኔ 31 ለ1 ይጠጋል። ባዶ ክብደቱ 600 ኪሎግራም ነበር። ሰው የሚቀመጥበት አካልም፥ ጅራትም የለውም፤ ክንፉ ራሱ አይሮፕላን ነው። 14 ትናንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ከፊት ተደርድረውበታል፤ ከላይ ደግሞ ከ62000 በላይ ሕዋሶች ለብሷል።

ይህን የሚያህል ነገር እንዲህ ቀላል ሊሆን የቻለበት ምክንያት ለቃል ስያሜያችን ወሳኝ ነው። በተለመደው አይሮፕላን አየር ክንፉን በርዝመቱ ሁሉ ያነሣዋል፤ ክብደቱ ግን በአብዛኛው መሀል ላይ ባለው አካል ውስጥ ተሰብስቧል። ስለዚህ የክንፉ ሥር እንዳይሰበር መወፈርና መክበድ አለበት። በሂልዮስ ግን ሞተሩም፥ ባትሪውም፥ ሕዋሱም በክንፉ ርዝመት ሁሉ ላይ ተደላድሏል። እያንዳንዱ የክንፍ ክፍል አየር የሚያነሣለትን ያህል ብቻ ይሸከማል። አህያ የሚጭን ሰው ሸክሙን ግራና ቀኝ አደላድሎ እንደሚያስር፥ መሐንዲሶቹም ጭነቱን አደላደሉት። ይህን አሠራር በአማርኛ «ድልድል ጭነት»፥ ተቃራኒውን «ነጥብ ጭነት» ብንለው «አደላደለ» የሚለው የጫኞች ግስ ሐሳቡን በሚገባ ያስተላልፈዋል።

ድልድል ጭነት ከባድ ምሰሶን አላስፈላጊ ያደርገዋል። ከባድ ምሰሶ የሌለው ረጅም ክንፍ ደግሞ ግትር ሊሆን አይችልም። ሂልዮስ መሬት ላይ ሲቆም ክንፉ የተዘረጋ ነበር፤ ሲበር ግን ጫፎቹ ሽቅብ ተነሥተው እንደ ደጋን ይጎብጥ ነበር። ሲያርፍም ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል። መለመጡ ለክብደቱ መቀነስ የተከፈለ ዋጋ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ኦገስት 13 ቀን 2001 ሂልዮስ 29524 ሜትር ከፍታ ላይ ደረሰ። በሮኬት ከሚገፉት በቀር ክንፍ ያለው አይሮፕላን በዚያ ከፍታ ደልድሎ ሲበር የመጀመሪያው ነበር። በዚያ ከፍታ የአየሩ ስስነት ወደ ማርስ ከባቢ አየር ይቀርባል።

3. የ2003 አደጋ

ከፍታው ቢገኝም ሌሊቱ ገና አልተደፈረም ነበር። በጊዜው የነበሩት ባትሪዎች ሌሊቱን ለማሻገር ከባድ ስለ ነበሩ፥ ሃይድሮጂንን ከአየር ጋር አገናኝቶ ኤሌክትሪክ የሚያወጣ የነዳጅ ሕዋስ እንዲጫን ተወሰነ። ለዚህም ሲባል የሂልዮስ አሠራር ተለወጠ። ሞተሮቹ ከ14 ወደ 10 ዝቅ አሉ። ከ200 ኪሎግራም በላይ የሚመዝነው የነዳጅ ሕዋስ በክንፉ መሀል ተሰቀለ። የሃይድሮጂኑ በርሜሎች ደግሞ አንድ በግራ አንድ በቀኝ ወደ ክንፉ ጫፎች ተጠግተው ታሰሩ። በዚህ ሁኔታ ያ የተደላደለ ጭነት በሦስት ነጥቦች ላይ ተሰበሰበ፤ ክንፉ ግን ያው የቀድሞው ክንፍ ነበር።

ጁን 26 ቀን 2003 ሂልዮስ ከካዋይ ተነሣ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ በረረ የአየር ነውጥ ገጠመው። የክንፉ ጫፎች ከተለመደው እጅግ በላይ ተነሡ፤ ነውጡ ካለፈም በኋላ ክንፉ ወደ ልኩ አልተመለሰም። በዚያ ቅርጽ ሳለ አይሮፕላኑ ፊቱን ሽቅብና ቁልቁል መወዝወዝ ጀመረ። በእያንዳንዱ ውዝወዛ ፍጥነቱ ከመደበኛው የሚርቀው መጠን በእጥፍ ያህል ያድግ ነበር። ፍጥነቱ ክንፉ ከተነደፈለት ልክ ሲያልፍ በውጭኞቹ የክንፍ ክፍሎች ፊት ለፊት ያለው አካል ተሰበረ፤ የላይኛው ሽፋንና ሕዋሶቹ ተገሽልጠው ወጡ። ሂልዮስ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ። ሰው ስላልነበረበት የጠፋ ሕይወት የለም።

በ2004 የወጣው የምርመራ ዘገባ የደረሰበት ፍርድ ለእኛም ትምህርት አለው። በእጅ የነበሩት የስሌት ዘዴዎች፥ የጭነቱ አቀማመጥ ከተለወጠ በኋላ አይሮፕላኑ ለነውጥ ምን ያህል ተጋላጭ እንደሚሆን አስቀድመው ለመናገር አልበቁም። ስለሆነም የአደጋው ሥጋት በትክክል ሳይመዘን በረራው ተፈቀደ። ዘገባው እንዲህ ላለ ክንፍ የአካል ጥንካሬ፥ የአየር ፍሰት፥ የሞተርና የመቆጣጠሪያ ሙያዎች ተጣምረው፥ የአይሮፕላኑን ሁኔታ በጊዜ ውስጥ እየተከታተሉ የሚያሰሉበት ዘዴ እንዲዘጋጅ አሳሰበ።

ይህን በተራ አነጋገር እንመልሰው። የግትር አይሮፕላን ቅርጽ የታወቀ ነው፤ የማይታወቀው እንቅስቃሴው ነው። የዚህ አይሮፕላን ቅርጽ ግን ራሱ የእንቅስቃሴው ክፍል ነው። አየሩ ክንፉን ይለምጠዋል፤ የተለመጠው ክንፍ ደግሞ አየሩ የሚያሳድርበትን ግፊት ይለውጣል፤ የተለወጠው ግፊት መልሶ ክንፉን ይለምጠዋል። ስለዚህ መለመጥ ማለት ሄዶ መመለስ፥ አንዳንድ ጊዜም ሄዶ አለመመለስ ነው። ለዚህ ነገር የምንሰጠው የአማርኛ ስም ቢያንስ ይህን መንገድ መዝጋት የለበትም።

4. ቃላቱ ሲመዘኑ

አሁን ወደ ረቂቁ እንመለስ። «ታጣፊ» በመስመር ላይ፥ በማጠፊያ የሚደረግ መተኛትን ያመለክታል። ከታጠፈ በኋላም እስኪዘረጉት ድረስ እንደ ታጠፈ ይቆያል። ሂልዮስን «ታጣፊ ክንፍ» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢው የአደጋውን ምክንያት እንዳይረዳ አድርጎታል። አንባቢው ማጠፊያው የተነቀለ ይመስለዋልና።

«ተለጣጭ» የሚለው እንደ ላስቲክ በርዝመት መሳብን ያሳያል። ክንፉ ግን አይረዝምም፤ ይጎነበሳል እንጂ። በተጨማሪም መሐንዲሶች ስለ ቁስ መሳብና መመለስ ሲናገሩ ይህ ቃል ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ያስፈልጋቸዋል፤ በብድር ልንወስድባቸው አይገባም። «ጎባጭ» ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ነገር ግን ጎበጠ ካልን ጎባጣ ይከተላል፥ ጎባጣም ቀንቶ የማይመለስ ነው። «ልል» ደግሞ ያልተወጠረ ገመድን ያስታውሳል፤ የክንፉ ምሰሶ ግን ልል አይደለም።

እኛ የምናቀርበው «ተለማጭ» የሚለውን ነው። «ልምጭ» የምንለው ቀጭን እርጥብ በትር ቢያጎነብሱት ይጎነበሳል፥ ቢለቁት ይመለሳል፥ ከልኩ በላይ ቢያስጨንቁት ይሰበራል። በአገራችን ገጠር ያደገ ሕፃን ሁሉ ይህን ባሕርይ በእጁም በጀርባውም ያውቀዋል። አወቃቀሩም ከቋንቋው ሕግ ጋር ይስማማል፤ ለወጠ፥ ተለወጠ፥ ተለዋጭ እንደምንል ሁሉ ለመጠ፥ ተለመጠ፥ ተለማጭ እንላለን። ባሕርዩን «ተለማጭነት»፥ በልኬት የሚገለጸውን የመለመጥ መጠን ደግሞ «ልውጠት» በሚለው አምሳል «ልምጠት» ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ የቀረበልን ተቃውሞ አለ። «ተለማመጠ» የሚለው ግስ ወገብን ሰብሮ መለመንን፥ ማቆላመጥን ስለሚያስታውስ ስሙ የንቀት ሽታ አለው ተብሏል። ተቃውሞውን አናቃልልም። ይሁን እንጂ ይኸው ግስ የሥሩን ትርጉም የሚመሰክር ነው፤ የሚለማመጥ ሰው ወገቡን የሚያጎነብሰው ተሰብሮ ሊቀር ሳይሆን ጉዳዩን ፈጽሞ ሊቃና ነው። የቴክኒክ ስያሜም ከቅጽሉ ጋር ሁልጊዜ «ክንፍ»ን ስለሚያስከትል የመደናገር ሥጋቱ አነስተኛ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥያቄ አለ። የክንፍ ጫፎች ከሥሩ በላይ ከፍ ማለታቸውን «የክንፍ ሽቅብነት» ብንለው በቂ ነው። ነገር ግን የሂልዮስ ታሪክ ሁለት ዓይነት ሽቅብነት እንዳለ ያስተምራል። አንዱ ሲሠራ የተሰጠው ነው፤ «ነባር ሽቅብነት» እንበለው። ሁለተኛው በበረራ ላይ በአየር ግፊት የሚመጣ ነው፤ «የበረራ ሽቅብነት» እንበለው። ሂልዮስን የጣለው ሁለተኛው ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠቀለለ ተርጓሚ የምርመራውን ዘገባ ሊተረጉም አይችልም።

እንግዲህ ለመዝገበ ቃላት የምናቀርበው ፍች የሚከተለው ነው።

ተለማጭ ክንፍ፤ ስም። በበረራ ጊዜ በአየር ግፊት ቅርጹ በጉልህ የሚለወጥ፥ ግፊቱ ሲቀር የሚመለስ፥ የቅርጹም ለውጥ የአይሮፕላኑን እንቅስቃሴ የሚነካ ክንፍ። ከታጣፊ ክንፍ ይለያል።

ቃሉን በአገራችን ሰው ዓይን ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ተረክቧል። የዚህ አይሮፕላን ክንፍ ከካርቦን ጭረት የተሠራ ሲሆን፥ በመስኮት በኩል የተቀመጠ መንገደኛ አይሮፕላኑ ከመሬት ሲለቅ ክንፉ ሽቅብ ሲነሣ ያየዋል። ለዚያ መንገደኛ «ክንፉ ታጣፊ ነው» ብንለው ይደነግጣል፤ «ተለማጭ ነው» ብንለው ያየውን ነገር ሰየምንለት ማለት ነው።

5. ከሂልዮስ በኋላ

ታሪኩ በካዋይ አላበቃም፤ ትምህርቱ ግን ወዲያው አልተጨበጠም። ሜይ 1 ቀን 2015 በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፥ ክንፉ 50 ሜትር የነበረው «ሶላራ 50» እንደ ተነሣ ብዙም ሳይቆይ ሽቅብ በሚወጣ ሞቃት አየር ውስጥ ገብቶ፥ ፍጥነቱ ከልክ አልፎ፥ የግራ ክንፉ ተሰብሮ ወደቀ። ጁን 28 ቀን 2016 በአሪዞና «አኲላ» ለመጀመሪያ ጊዜ በርሮ ሊያርፍ ሲቃረብ ክንፉ ተሰበረ። በሁለቱም ዘንድ የተደጋገመው ነውጥ፥ ፍጥነትና ክንፍ መሆኑ ለሂልዮስ ታሪክ ተጨማሪ ምስክር ነው።

ሌላው ጎዳና ትንሽ ሆኖ መቆየት ነበር። «ዜፊር» የተባለው አይሮፕላን ክንፉ 25 ሜትር፥ ክብደቱም ከአንድ ጎልማሳ ሰው ብዙ የማይርቅ ነው። በ2010 ከ14 ቀን በላይ፥ በ2022 ደግሞ ከ64 ቀን በላይ ሳያርፍ በረረ። በ2025 ከጎረቤታችን ከኬንያ፥ ከላይኪፒያ ተነሥቶ 67 ቀን በሰማይ ቆየ። በምድር ወገብ አካባቢ የቀኑ ርዝመት በዓመቱ ውስጥ እምብዛም ስለማይለዋወጥ፥ ቀን የተጠራቀመው ጉልበት ሌሊቱን ለማሻገር ያለው ዕድል በሰሜን አገሮች ክረምት ካለው የተሻለ ነው። ስለዚህ ይህ የአይሮፕላን ዓይነት ወደ እኛ ሰማይ እየቀረበ ነው ማለት ይቻላል። ዜናውም፥ መመሪያውም፥ የትምህርት ቤት መጽሐፉም በአማርኛ መጻፉ አይቀርም።

መሐንዲሶቹ ክንፉን ሲነድፉ ጭነቱ የት እንደሚያርፍ ይጠነቀቃሉ፤ ጭነቱ ቦታውን ሲለውጥ ክንፉ ምን እንደ ሆነ አይተናል። ቃል አውጪም እንዲሁ ነው። «ታጣፊ» በወንበርና በአልጋ ላይ በደህና የሚሸከመውን ትርጉም ወደ ሰማይ ሲያወጡት አልቻለውም። ከዚህ በላይ የቀረቡት «ተለማጭ»፥ «ልምጠት»፥ «ድልድል ጭነት»፥ «ነባር ሽቅብነት» እና «የበረራ ሽቅብነት» የመጨረሻ ውሳኔ ሳይሆኑ ለውይይት የቀረቡ ናቸው። ከእነዚህ የተሻለ፥ በተለይም በገጠሩ ሕዝብ አነጋገር የሚገኝ ቃል የሚያውቁ አንባቢያን ቢጽፉልን በቀጣዩ ዕትም እናወጣዋለን። ረቂቁን ላቀረበልን ተርጓሚም፥ «ለስንት ይታጠፋል?» ብሎ ለጠየቀው ባልደረባችንም ምስጋና ይድረሳቸው፤ ይህ ጥናት የተጀመረው በእነርሱ ነውና።